የምድር ውስጥ መቃብራትና የመውጫው መንገድ

(ከወላይታ ሶዶ)

የትንሣኤ በዓል ታሪክ የሚጀምረው ከመቃብር ነው። ቅዳሜ ሌሊት በየቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ይዞ የሚቆመው ምእመን ልቡ ወደ ብርሃኑ ያዘነበለ ቢሆንም፣ የዚያ ሌሊት ምሥራች የተሰማው ከዐለት ተወቅሮ በትልቅ ድንጋይ ከተዘጋ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረው፣ ጌታችን በሥጋው በመቃብር ሳለ በነፍሱ ወደ ሲኦል ወርዶ በጨለማ የነበሩትን ነፍሳት ነጻ አውጥቷል። ስለዚህ ክርስቲያን ከመሬት በታች ያለውን ጨለማ ሲያስብ ፍርሃት ብቻ አይሰማውም፤ ተስፋም ይሰማዋል።

ይሁን እንጂ ተስፋው እውነተኛ እንደ ሆነ ሁሉ አደጋውም እውነተኛ ነው። ሰው ከጥንት ጀምሮ ወደ ምድር ውስጥ ሲገባ ኖሯል። መጠለያ ፈልጎ የገባ አለ፤ ሙታኑን ሊቀብር የገባ አለ፤ ሊጸልይ የገባ አለ፤ ለማየት ብቻ የገባም አለ። ከገቡት መካከል ብዙዎቹ ተመልሰዋል፤ መንገድ ጠፍቷቸው በዚያው የቀሩም ጥቂቶች አይደሉም። በዚህ በዓል ጽሑፋችን የሮምን የምድር ውስጥ መቃብራትና የአገራችንን ዋሻዎች እያነጻጸርን፣ ለመሆኑ ሰው በምድር ውስጥ የሚጠፋው ለምንድን ነው? የሚወጣውስ በምን ኃይል ነው? የሚለውን እንመለከታለን።

ከዳሞታ ተራራ ሥር

ከወላይታ ሶዶ ከተማ ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚይዘው ወደ 2,900 ሜትር ከፍታ ያለው የዳሞታ ተራራ ነው። በዚህ ተራራ ደቡብ ምዕራባዊ ገጽታ ላይ ሞቼና ቦራጎ የሚባል ዋሻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 በሮጀር ዡሶም የተመራ የፈረንሳይ የአርኪዎሎጂ ቡድን ቁፋሮ አካሂዶበታል። ከ2006 ወዲህ ደግሞ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ምሁር በስቲቨን ብራንት የተመራ ቡድን ጥናቱን ቀጥሎበታል። ከአፈሩ ንብርብር ውስጥ የወጡት የባልጩት መሣሪያዎች በዚህ ዋሻ የሰው ልጅ ከ50,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይጠለል እንደ ነበር አስረድተዋል።

ሞቼና ቦራጎ አፉ ሰፊ፣ የቀን ብርሃን የሚገባበት ከለላ ስለሆነ መንገድ የሚጠፋበት ዓይነት ዋሻ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ያስተምረናል። ሰው ከምድር ሆድ የፈለገው የመጀመሪያው ነገር ከዝናብ፣ ከብርድና ከጠላት መሸሸጊያ ነበር፤ ከብርሃኑ ዳርቻም ብዙ አልራቀም። ወደ ጥልቁ ጨለማ የመግባት ነገር የመጣው ቆይቶ ነው።

የዚህ አገር ምእመናን ስለ ዋሻ ሲነሣ የሚያስታውሱት ሌላም ታሪክ አላቸው። የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል በዳሞት ንጉሥ በሞቶሎሚ ዘመን የሆነውን ይተርካል፤ ወላይታም ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ትውፊት አላት። ጻድቁ ሰፊውን አገር በስብከት ከዞሩ በኋላ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት፣ በጸሎት የቆሙትም፣ ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል በነበረው በደብረ ሊባኖስ ዋሻ ውስጥ ነው። ለአባቶቻችን ዋሻ ከዓለም የመሸሻ ብቻ ሳይሆን ከራስ ጋር የመጋጠሚያ ስፍራም ነበር።

የሮም ምእመናን መካነ መቃብር

በዓለም ላይ ስለ ምድር ውስጥ መቃብራት ሲወሳ ቀድሞ የሚጠራው የሮም ካታኮምብ ነው። ቃሉ የመጣው በአፒያ ጎዳና አጠገብ፣ ዛሬ የቅዱስ ሰባስቲያን ቤተ ክርስቲያን ካለበት ስፍራ ነው። ስፍራው ጎድጓዳ ስለ ነበረ በዚያ ያለው መካነ መቃብር በዚሁ ስም ተጠራ፤ ኋላም ስሙ ለመሰሎቹ ሁሉ ተረፈ።

የሮም ሕግ በከተማዋ ቅጥር ውስጥ ሬሳ መቅበርን ይከለክል ስለ ነበር ሁሉም ሕዝብ ሙታኑን የሚቀብረው ከበር ውጪ በየጎዳናው ዳር ነበር። የሮም አካባቢ መሬት ደግሞ ቱፍ የሚባል፣ ሲቆፍሩት የሚለሰልስ አየር ሲነካው የሚጠነክር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ክርስቲያኖች ትንሣኤ ሙታንን ስለሚያምኑ ሬሳ ማቃጠልን ትተው መቅበርን መረጡ፤ ምእመኑ ሲበዛና መሬቱ ሲጠብባቸው ወደ ጎን በመስፋት ፈንታ ወደ ታች ወረዱ። ከ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሥራዬ ብለው የተያያዙት ቆፋሪዎች ጠባብ መተላለፊያዎችን እየፈለፈሉ፣ በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ እንደ መደርደሪያ የተደራረቡ መቃብራትን አዘጋጁ። አንዱ ደረጃ ሲሞላ ከሥሩ ሌላ ይቆፈራል። የቅዱስ ካሊስቶስ የሚባለው መካነ መቃብር አራት ደረጃ ያለው ሲሆን፣ የመተላለፊያዎቹ ጠቅላላ ርዝመት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የዲያቆናት ድርሻ ሰፊ ነው። ካሊስቶስ ራሱ ዲያቆን ሳለ በሮሙ ሊቀ ጳጳስ በዘፊሪኖስ ተሹሞ መካነ መቃብሩን ያስተዳድር የነበረ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ217 በመንበሩ የተተካ ሰው ነው። ድሆች ያለ ክፍያ የሚቀበሩበት ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት ነበርና ሥራው ቀላል አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ቫሌሪያን እ.ኤ.አ. በ257 ክርስቲያኖች ወደ መካነ መቃብራቸው እንዳይገቡ ከለከለ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ258፣ ሊቀ ጳጳሱ ሲክስጦስ ሁለተኛ በዚያው በመካነ መቃብሩ ምእመናንን ሰብስቦ ሳለ በወታደሮች ተይዞ ከዲያቆናቱ ጋር ተገደለ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የጥንት ክርስቲያኖች በካታኮምብ ውስጥ ተደብቀው ይኖሩ እንደ ነበር ያስባል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ስፍራዎቹ በመንግሥት ዘንድ የታወቁ መቃብራት ነበሩ፤ አየራቸውም ጠረናቸውም ለኑሮ አይመችም። ምእመናኑ ይገቡ የነበረው ለቀብር፣ ለተዝካርና ሰማዕታትን ለማሰብ ነው። በግድግዳው ላይ የሣሏቸው ሥዕላትም የሚናገሩት ስለ ፍርሃት አይደለም። ዮናስ ከዓሣ አንበሪ ሆድ ሲወጣ፣ አልዓዛር ከመቃብር ሲነሣ፣ ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት ውስጥ ሳይቃጠሉ፣ ዳንኤል በአናብስት መካከል ቆሞ፣ ቸር ጠባቂ በትከሻው በግ ተሸክሞ ይታያል። ሁሉም ከማይወጣበት ስፍራ የወጡ ናቸው።

ቅዱስ ሄሮኒሞስ በወጣትነቱ በሮም ተማሪ ሳለ እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ወደ እነዚህ መቃብራት ይወርድ እንደ ነበር በኋላ በነቢዩ ሕዝቅኤል ትርጓሜው ላይ ጽፏል። በግራና በቀኝ ሙታን እንደ ተኙ፣ ጨለማው ከመበርታቱ የተነሣ በሕይወት ሳለ ወደ ሲኦል የወረደ ይመስለው እንደ ነበር፣ ከላይ አልፎ አልፎ በተከፈተ ቀዳዳ የሚገባው ጥቂት ብርሃን ብቻ ፍርሃቱን ያቀልለት እንደ ነበር ያስረዳል። ይህን የሚለን የቤተ ክርስቲያን ታላቅ ሊቅ መሆኑን ልብ ይሏል። ጨለማን መፍራት የእምነት ጉድለት አይደለም።

ጧፍ ያለቀበት ተመራማሪ

በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዓመት የሰማዕታቱ ዐፅም ወደ ከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት እየተዛወረ ሲሄድ ካታኮምቦቹ ተረሱ፤ በሮቻቸውም በአፈር ተዘጉ። እንደገና የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1578 በሳላሪያ ጎዳና አጠገብ አፈር ይቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች ሥዕል ያለበት መቃብር ድንገት ባገኙ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ በዚህ ጥናት ስሙ የገነነው አንቶኒዮ ቦዚዮ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1593 ይህ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ከአንድ ምሁርና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ዛሬ የዶሚቲላ ካታኮምብ ወደሚባለው ገባ። አንዱ መተላለፊያ ወደ ሌላው እየመራ፣ አዲስ ነገር የማየት ጉጉት ወደፊት እየጎተታቸው ሩቅ ሄዱ። ለመመለስ ሲዞሩ መንገዱ ጠፋባቸው። ሁሉም ማዕዘን አንድ ይመስላል፤ ሁሉም ግድግዳ በተመሳሳይ መቃብር የተሞላ ነው። የያዙት ሻማ እያለቀ ሄደ። ቦዚዮ በኋላ እንደ ጻፈው፣ በዚያ ሰዓት ካስጨነቀው ነገር አንዱ የራሱ ሬሳ በዚያ ወድቆ የሰማዕታቱን መቃብር እንዳያረክስ ነበር። ከብዙ ጭንቀት በኋላ መውጫውን አግኝተው ተረፉ።

ወጣቱ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ምድር መውረዱን አልተወም። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1629 ድረስ፣ በጥንቃቄ እየተዘጋጀ ጥናቱን ቀጠለ። ሥራው ታትሞ የወጣው ካረፈ በኋላ ነው። እርሱ በጀመረው መንገድ የሄደው ጆቫኒ ባቲስታ ደ ሮሲ እ.ኤ.አ. በ1854 በቅዱስ ካሊስቶስ የ3ኛው መቶ ዓመት ሊቃነ ጳጳሳት የተቀበሩበትን ክፍል አገኘ። ዛሬ ለጎብኚ የተከፈቱት ካታኮምቦች ጥቂቶች ናቸው፤ በእነርሱም ቢሆን ያለ አስጎብኚ ብቻውን እንዲዘዋወር የሚፈቀድለት ጎብኚ የለም።

ላሊበላና «ሲኦል» የሚባለው መተላለፊያ

ወደ አገራችን ስንመለስ ከሁሉ ቀድሞ የሚታሰበን የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በጉድባዎችና በመሬት ውስጥ መተላለፊያዎች የተያያዙ ናቸው። በቤተ ጎልጎታ የክርስቶስ መቃብር መታሰቢያ አለ፤ ከደጁም የአዳም መቃብር ይታያል። የስፍራው አሠራር ኢየሩሳሌምን እንዲያስታውስ ሆኖ ስለሆነ፣ ምእመኑ በዚያ ሲዘዋወር የሕማማቱንና የትንሣኤውን ታሪክ በእግሩ ይከተላል።

ከምሥራቁ ክፍል፣ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወገን፣ «ሲኦል» ተብሎ የሚጠራ መተላለፊያ አለ። ርዝመቱ 35 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በቀን ብርሃን በሜዳ ላይ ቢሆን ሕፃን ልጅ በአንድ ትንፋሽ ሮጦ የሚጨርሰው ነው። ነገር ግን ምእመናን የሚያልፉት ያለ መብራት ነው።

ጸሐፊው የነገረ መለኮት ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር በዚያ አልፏል። በኪሴ የእጅ ባትሪ ነበረኝ፤ ከልምዱ ላለመውጣት አላበራሁትም። አሥር እርምጃ ያህል እንደ ሄድን የኋላው ብርሃን ጠፋ፤ የፊቱም አልታየም። ዓይኔን ብከፍትም ብጨፍንም አንድ ሆነ። ድንገት ከፊት ያለው ሰልፍ ቆመ፤ አንድ ጓደኛችን ፈርቶ ኖሮ ወደ ኋላ ሊመለስ ይታገል ጀመር። እኔም እጄን ከግድግዳው አንሥቼ ወደ ኪሴ ስሰድድ ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እማሆይ ትከሻዬን ያዙ።

«ልጄ፣ ግድግዳውን አትልቀቅ» አሉኝ በዝግታ። «ቀኝ እጅህ ከግድግዳው፣ ግራ እጅህ ከፊትህ ካለው ወንድምህ ትከሻ ላይ ይሁን። እኔ ደግሞ አንተን ይዣለሁ።»

«እሺ እማሆይ፤ ከዚህ ቀደም አልፈዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በየዓመቱ ነው የማልፈው። ጨለማው አይለወጥም፤ እኔ ግን እጄን የት እንደማሳርፍ ዐወቅሁ» ብለው መለሱልኝ።

ጥቂት ቆይቶ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከፊት የነበረው ጓደኛችንም የሌላ ሰው እጅ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ልቡ ተመለሰለት። ከወዲያ ማዶ ወደ ብርሃን ስንወጣ ሁላችንም ፀሐይዋን እንደ አዲስ ፍጥረት ተመለከትናት። የእማሆይ ቃል ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ በልቤ ቀርቷል፤ ስለ ዋሻ ጥንቃቄ ባለሙያዎች ከጻፉትም ጋር ይስማማል።

መጠለያም ወጥመድም

ዋሻ ሁልጊዜ እንደ ላሊበላው በወዲያ በኩል መውጫ የለውም። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር፣ ዘረት በሚባለው ስፍራ የሚገኘው አመፀኛ ዋሻ የአገራችን መራራ ትዝታ ነው። በ1931 ዓ.ም. በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ልክ በፋሲካው ሰሞን፣ የኢጣሊያ ወራሪ ጦር የአርበኞችን ወገን በዚህ ዋሻ ከበበ። በውስጡ የነበሩት ከተዋጊዎቹ ጋር ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ጦሩ የመርዝ ጋዝ ተጠቀመባቸው፤ እጃቸውን ከሰጡትም ብዙዎቹ ተረሸኑ። ጥቂቶች በጨለማ ሰብረው አመለጡ። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣሊያዊ የታሪክ ተመራማሪ በ2000 ዎቹ እ.ኤ.አ. ዋሻውን ባየ ጊዜ የሟቾቹ ዐፅም በውስጡ እንዳለ አግኝቶታል። የትንሣኤን በዓል ስናከብር፣ በትንሣኤ ሰሞን ከዋሻ ያልወጡትን እነዚህን ወገኖች ማሰብ ተገቢ ነው።

በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ ደግሞ በተፈጥሮ የተሠራ ነው። የዌብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ እየሰረሰረ የከፈተው ይህ ዋሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ አሳሾች ከለኩት በኋላ ርዝመቱ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ታውቋል። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ሼህ ሶፍ ዑመር የጸለዩበት የተከበረ ስፍራ ነው። በውስጡ መተላለፊያው እየተከፋፈለ ይሄዳል፤ ወንዙም ደጋግሞ መንገዱን ያቋርጣል። በክረምት ሩቅ አገር የዘነበ ዝናብ ዋሻው ውስጥ ያለውን ሰው ሳያስጠነቅቅ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ወደዚህ ዓይነት ስፍራ የሚገባ ሰው የሚጠይቀው መንገዱን ብቻ ሳይሆን የሰማዩንም ሁኔታ ነው።

ሰው ለምን ይጠፋል?

ብዙ ሰው «እኔ አቅጣጫ አይጠፋኝም» ይላል። ሳይንስ ግን አይደግፈውም። በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪው ያን ሶማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ፀሐይንም ጨረቃንም ሳያዩ የሚሄዱ ሰዎች ቀጥ ብለው የሚሄዱ እየመሰላቸው ክብ እየሠሩ ወደ ነበሩበት እንደሚመለሱ አረጋግጠዋል። በምድር ውስጥ ደግሞ ፀሐይም ጨረቃም የሉም።

የሚጠፋው አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ ጊዜም ይጠፋል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሲፍር እ.ኤ.አ. በ1962 ሰዓት ሳይዝ ሁለት ወር በዋሻ ውስጥ ብቻውን ኖሮ በመስከረም 14 ሲወጣ፣ እርሱ በቆጠረው ግን ገና ነሐሴ 20 ነበር። ሃያ አምስት ቀን ከአእምሮው ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። መንገድ የጠፋው ሰው «ገና አንድ ሰዓት ነው» ሲል መብራቱና ጉልበቱ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት መንገዱ በመልሱ ሌላ መምሰሉ ነው። ሲገቡ አንድ ሆኖ የታየ መተላለፊያ ሲመለሱ ሦስት መንታ ሆኖ ይጠብቃል። በፓሪስ ከተማ ሥር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የድሮ ድንጋይ መፍለጫ አለ፤ ከፊሉም የሚሊዮኖች ዐፅም የተከማቸበት ነው። የቫል ደ ግራስ ሆስፒታል በር ጠባቂ የነበረው ፊሊበር አስፔር እ.ኤ.አ. በ1793 ወደዚያ ወርዶ ጠፋ። የተገኘው ከ11 ዓመት በኋላ ነው፤ ማንነቱ የታወቀውም በያዘው የቁልፍ መያዣ ነው። የወደቀው ከአንድ መውጫ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ ነበር። በ2017ም ሁለት ወጣቶች በዚያው ሦስት ቀን ያህል ጠፍተው በአነፍናፊ ውሾች ተገኝተዋል።

ከዚህ ሌላ አየሩ ራሱ ያጠቃል። ይህ ለእኛ ገበሬዎችና ቤተሰቦች ከካታኮምብ ይልቅ ቅርብ የሆነ ነገር ነው። ተዘግቶ የቆየ የእህል ጉድጓድ፣ የውሃ ጉድጓድ ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ አየሩ የሚተነፈስ ላይሆን ይችላል፤ የታፈነ እህል አየሩን ይጨርሰዋልና። አንዱ ገብቶ ሲወድቅ ወንድሙ ሊያወጣው ዘልሎ ይገባል፤ እርሱም ይወድቃል። የሚያሳዝነው የሁለተኛው ሞት የሚመጣው ከፍቅር መሆኑ ነው።

የሌሊት ወፍ የሞላበት ዋሻም ጥንቃቄ ይሻል። ገዳይ የሆነው የማርበርግ ቫይረስ በዋሻ ውስጥ በሚኖር ፍሬ በል የሌሊት ወፍ እንደሚገኝ በዩጋንዳ ዋሻዎች በተደረገ ጥናት ታውቋል። በሽታው በኅዳር 2018 ዓ.ም. በክልላችን በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጂንካ ከተማ፣ መከሰቱ የተረጋገጠ በመሆኑ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። እንዲህ ባለ ዋሻ አለመግባት፣ የሌሊት ወፉንም በእጅ አለመንካት ይበጃል።

ምን ማድረግ ይገባል?

በዓል በመጣ ጊዜ ወጣቶች ተሰባስበው ተራራ መውጣት፣ ዋሻና ፏፏቴ መጎብኘት ይወዳሉ። መከልከል አይገባም፤ የአገርን ቅርስ ማወቅ መልካም ነው። ሆኖም ወላጆች ለልጆቻቸው ሊነግሯቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ብቻ አይገባም፤ ስፍራውን የሚያውቅ የአካባቢው ሰውም ይቅደም። ሁለተኛ፣ የት እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለቤተሰብ ተናግረው ይሂዱ፤ ሰዓቱ ካለፈ ፍለጋ የሚጀምረው የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነውና። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራት ይያዝ፤ የስልክ መብራት ብቻውን አይበቃም። አራተኛ፣ በየመንታው ቆም ብሎ ወደ ኋላ መመልከትና በመልሱ የሚታየውን መልክ ማስተዋል ያስፈልጋል። አምስተኛ፣ ክረምት ሲገባ ወይም ሰማይ ሲጠቁር ውሃ ወደሚገባበት ዋሻ አይጠጉ።

መንገድ ከጠፋ ደግሞ ትልቁ ጥበብ መቆም ነው። በአንድነት መቀመጥ፣ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ አንዱን ብቻ አልፎ አልፎ መጠቀም፣ በርዶ እንዳይጎዱ መጠጋጋት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታይላንድ ታም ሉዋንግ በሚባል ዋሻ ውስጥ በጎርፍ የተዘጉት 12 ልጆችና አሠልጣኛቸው የተረፉት በዚህ ነው። አሠልጣኙ አንድ ስፍራ ሰብስቦ አረጋጋቸው፤ ከግድግዳው የሚንጠባጠበውን ውሃ ጠጡ፤ በአሥረኛው ቀን ጠላቂዎች አገኟቸው፤ በ18ኛው ቀን ሁሉም ወጡ። ለእነርሱ ሲል የሞተም አለ፤ የቀድሞው የባሕር ኃይል ጠላቂ ሳማን ኩናን አየር የያዘ በርሜል አድርሶ ሲመለስ ሕይወቱ አለፈች።

ለማዳን የሚሮጥ ሰውም መጠንቀቅ እንዳለበት ጎረቤታችን ጎፋ በሐዘን አስተምራናለች። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ቀበሌ ተራራው ሲናድ፣ የተቀበሩትን ሊያወጣ የተሰበሰበውን ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ ወረደበት። ናዳና ዋሻ የተለያዩ ቢሆኑም የመሬት ጠባይ አንድ ነው። አንድ ጊዜ የወሰደች ምድር ሁለተኛ ልትወስድ ትችላለች። ስለዚህ ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ዋሻ የወደቀ ሰው ሲኖር ከመዝለል አስቀድሞ ሰው መጥራት፣ ገመድ ማሰር፣ አየር ማናፈስ፣ ከላይ የሚይዝ ሰው ማቆም ያስፈልጋል።

ጧፉ የሚተላለፍበት ሌሊት

ውድ አንባብያን፣ እስካሁን ያየናቸው ታሪኮች የሚገናኙበት አንድ ነገር አለ። ቦዚዮ የተጨነቀው መብራቱ ባለቀበት ሰዓት ነው። የፓሪሱ በር ጠባቂ የሞተው መውጫው አጠገብ ብቻውን ሆኖ ነው። የታይላንድ ልጆች የተረፉት በአንድነት ስለ ቆዩ፣ ደግሞም ወደ እነርሱ የወረደ ሰው ስለ ነበረ ነው። በላሊበላ መተላለፊያ ውስጥ ደካማው ተማሪ የበረታው በትከሻው ላይ እጅ ስላረፈበት ነው። ጉልበትና ድፍረት ብቻውን ከጨለማ ያወጣው የለም፤ የሚያወጣው የሚቀድም፣ የሚይዝና የሚያበራ ሲገኝ ነው።

የትንሣኤ ትምህርትም ይኸው ነው። አዳም ከጨለማው መንገድ ፈልጎ አልወጣም፤ ወደ እርሱ የወረደለት አለ። በዚህ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን አንዱ ጧፍ ከሌላው ሲለኮስ፣ ብርሃኑ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ፣ የመጀመሪያው ጧፍ ከብርሃኑ አይቀንስበትም። ከቅዳሴ ወጥተን ጾማችንን ስንፈታ፣ በሐዘን ውስጥ ያለውን ጎረቤት፣ በሕመም የተኛውን፣ ቤቱ በናዳ የፈረሰበትን፣ ከቤተሰቡ ርቆ መንገድ የጠፋውን ልጅ ብናስብና እጃችንን በትከሻው ላይ ብናሳርፍ፣ በዓሉን እንደሚገባው አከበርነው ማለት ነው።

ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የአንድነት ይሁንላችሁ።